ሳጥኑ ውስጥ የተጣጠፈችው ወረቀት፦ የደም ስኳር መለኪያ መመሪያ ሲገመገም

እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምንገመግመው መጽሐፍ ወይም ዘጋቢ ፊልም ነው። ዛሬ እጄ ላይ ያለችው ግን አንዲት ወረቀት ናት፤ ከደም ስኳር መለኪያ ጋር በሳጥኑ ውስጥ ተጣጥፋ የምትመጣው የአጠቃቀም መመሪያ። «ይቺ ደግሞ ትገመገማለች እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ለምን አትገመገም? የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት ውስጥ ካሉት ጽሑፎች ሁሉ እንደሷ በሰው ጤና ላይ በቀጥታ የምትገባ የለችም። ደራሲዋ ግን አይታወቅም፣ ሃያሲ ነክቷት አያውቅም፣ አንብቦ የጨረሳት ሰውም እስካሁን አላጋጠመኝም።

ነገሩ የጀመረው ከአክስቴ ነው። የስኳር ሕመም እንዳለባት ከታወቀ አራት ዓመቷ ነው፤ የምትወስደው ኪኒን ነው። ስዊድን የምትኖረው ልጇ ባለፈው ክረምት መለኪያ ላከችላት፤ ከነስትሪፑ፣ ከነመውጊያው፣ በምታምር ጥቁር ቦርሳ። አክስቴ ከጤና ጣቢያ የተሰጣት ደብተር ላይ «ከቁርስ በፊት ከ80 እስከ 130» የሚል ተጽፏል። በመጀመሪያው ጠዋት የልጅ ልጇ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ እንግሊዝኛውን እያነበበላት ጣቷን ወጋች፣ ደሙን አስነካች፣ 14.2 የሚል ቁጥር መጣ። አሥራ አራት! ከ80 መውረድ እንደሌለበት ነው የምታውቀው። «በቃ ስኳሬ አልቋል» ብላ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጣች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትለካ 17 ሆነ። «ትንሽ ጨመረልኝ፣ ግን ገና ነው» ብላ ማር በውሃ በጥብጣ ደገመች። ለኔ የተደወለልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

14.2 ዝቅተኛ ቁጥር አይደለም። ደብተሯ በሚቆጥርበት መለኪያ ሲመነዘር 256 ነው። አክስቴ ስኳሯ ከፍ ብሎ ሳለ ነው ስኳር ላይ ስኳር የጨመረችው።

አሁን ልብ በሉ፤ ልጁ ምንም አላጠፋም። ወረቀቷ ያዘዘችውን እያንዳንዱን እርምጃ በቅደም ተከተል አድርጓል። እኔም ወረቀቷን ተቀብዬ ያነበብኳት ለዚህ ነው፦ ሁሉን በትክክል ያደረገ ሰው እንዴት ይሳሳታል?

መጀመሪያ መልኳን ልንገራችሁ። ስትዘረጋ ትንሽ ጠረጴዛ ትሸፍናለች። በአምስት ቋንቋ ተጽፋለች፤ ከአምስቱ እኛ ቤት የሚነበበው እንግሊዝኛው ብቻ ነው። ፊደሏ የጤፍ ቅንጣት ታህላለች። የስኳር ሕመም ለረጅም ጊዜ ሳይቆጣጠሩት ሲቀር ከሚጎዳቸው አካላት አንዱ ዓይን ነው፤ እና ለስኳር ሕመምተኛ የሚሰጠው ጽሑፍ በጤፍ ፊደል ይታተማል! ይህን ያደረገ ሰው ጨካኝ ነው አልልም፤ አምስት ቋንቋ አንድ ወረቀት ላይ አስገባ ተብሎ ታዞ ይሆናል። ውጤቱ ግን ያው ነው። ወረቀቷን የምታነቡት እናንተ ናችሁ። እናት ወይም አያት ይወጋሉ፣ እንግሊዝኛ የተማረው ልጅ ያነባል። እዚህ ጽሑፍ ላይ እናንተን የማናግረው ለዚያ ነው።

ወደ 14.2 ልመለስ። በደም ውስጥ ያለ ግሉኮስ በሁለት መንገድ ይቆጠራል። አንዱ ክብደቱን ነው፦ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ስንት ሚሊግራም አለ? ኢትዮጵያ ውስጥም አሜሪካም የለመድነው ይኼ ነው። ሌላው የሞለኪውሎቹን ብዛት ነው፦ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊሞል አለ? ስዊድን፣ እንግሊዝ፣ ካናዳና አውስትራሊያ የሚጠቀሙት ይህን ነው። ኬሚስትሪ የተማራችሁ መመንዘሪያውን ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። አንድ ሞል ግሉኮስ 180 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ ሚሊሞል 180 ሚሊግራም ነው። ያ 180 በአንድ ሊትር ውስጥ ከሆነ፣ የሊትር አንድ አሥረኛ በሆነው ዴሲሊትር ውስጥ 18 ይሆናል። በቃ፣ በ18 ማባዛት ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ቀላል ምልክት አለ፦ መስኮቱ ላይ የነጥብ ቁጥር ካያችሁ (5.6፣ 14.2) መለኪያው በሚሊሞል ነው፤ ሙሉ ቁጥር ብቻ (101፣ 256) ከሆነ በሚሊግራም ነው።

ወረቀቷ ይህን የት ነው የጻፈችው? መጨረሻ ላይ፣ የባትሪው ዓይነትና የመሣሪያው ክብደት የተዘረዘሩበት ሠንጠረዥ ውስጥ፣ በአንዲት መስመር። ስህተት ጽፋለች ልላት አልችልም። ግን አንድ መድረክ ላይ የሚሰቀል ነገር ጓዳ ሲቀመጥ ምን ይባላል? ጸሐፊው አንባቢው በአንድ አገር ተወልዶ፣ እዚያው ታክሞ፣ እዚያው መለኪያ የሚገዛ ሰው እንደሆነ ገምቷል። መለኪያ በሻንጣ ድንበር ይሻገራል ብሎ አላሰበም። የኛ ሰው ግን ግማሹ ዕቃው በሻንጣ ነው የሚመጣው።

ለወረቀቷ ፍትሕ ላድርግ። ሥዕሎቿ ጥሩ ናቸው። ጣትን ከመሐል ሳይሆን ከጎን መውጋት (ነርቩ መሐል ላይ ስለሚበዛ ጎኑ ያነሰ ያማል)፣ ደሙን ስትሪፑ ላይ መቀባት ሳይሆን ጫፉን አስነክቶ እንዲጠጣው መተው፣ ይኼ ሁሉ ያለ ቃል ይገባል። «መውጊያውን ከማንም ጋር አትጋሩ» የሚለውንም በደማቅ ጽፋለች፤ ትክክል ነች። መርፌውን ብቻ ቀይሮ እጀታውን መጋራት እንኳ ሄፓታይተስ ቢን ሲያስተላልፍ በአረጋውያን መንከባከቢያዎች ታይቷል። እንግዳ መጥቶ «እስቲ እኔንም ለኪኝ» ሲል ይሉኝታ የሚያሸንፈን እኛ ይህን መስመር ሁለቴ ብናነበው አይከፋም።

የከፋኝ ግን እጅ መታጠብን የጻፈችበት መንገድ ነው። «እጅዎን ይታጠቡ፣ ያድርቁ» ትላለች፤ ለምን እንደሆነ ግን ዝም። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው የሚረዳው «ለንጽሕና ነው» ብሎ ነው። ከዚያ አልኮል ያለው ጥጥ ካለ «ይኼ ይበልጣል» ብሎ ውሃውን ይተወዋል። አክስቴ ያደረገችው እሱኑ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ስኳሩ 100 የሆነ ደም አንድ ማይክሮሊትር ጠብታ ውስጥ ያለው ግሉኮስ አንድ ማይክሮግራም ነው፤ የግራም አንድ ሚሊዮንኛ። ብዙ ስትሪፖች የሚጠጡት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ብርቱካን ልጣችሁ ጣታችሁ ላይ በዓይን የማይታይ ጭማቂ ቢቀር፣ በዚያ ጭማቂ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ከጠብታው ግሉኮስ በቀላሉ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ውስጥ ይህን ፈትነውታል። ሰዎች ብርቱካን፣ ወይንና ኪዊ ልጠው ሳይታጠቡ ሲለኩ ቁጥሩ ያለ ልክ ዘለለ። በውሃ ሲታጠቡ ወደ እውነተኛው ተመለሰ። በአልኮል ጥጥ ሲጠርጉ ግን፣ አምስት ጊዜ ጠርገው እንኳ፣ አልተስተካከለም። አልኮል ጀርም ይገድላል እንጂ ስኳር አጥቦ አይወስድም።

በእጁ ለሚበላ ሕዝብ ይህች ምክንያት ከሥዕሉ ሁሉ በላይ ታስፈልግ ነበር። ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ማር። (የሻይ ስኳር ግን ይገርማችኋል፦ እሱ ሱክሮስ የሚባል ሌላ ሞለኪውል ስለሆነ ስትሪፑ ላይ ያለው ኢንዛይም እንደ ግሉኮስ አይቆጥረውም። ማር ግን ሲሶው ገደማ ግሉኮስ ነው።) አክስቴ 17 ያየችው ለስላሳው ሠርቶ ይሁን ጣቷ ተለውሶ፣ አሁን ማወቅ አይቻልም።

ኢንዛይም ካልኩ አይቀር፣ የስትሪፑን ነገር ልንገራችሁ፤ ወረቀቷ ላይ ሽታው እንኳ የለም። ያቺ ቀጭን ፕላስቲክ ጫፏ ላይ ደርቆ የተቀባ ኢንዛይም አለ። በብዙዎቹ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባለው ነው፤ ከአስፐርጂለስ ሻጋታ የሚገኝ። ደሙ ሲነካው ኢንዛይሙ ከግሉኮሱ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ አቀባይ የሆነ ኬሚካል ተቀብሎ ለኤሌክትሮዱ ያደርሳል፤ መሣሪያው ያንን ኢምንት ኤሌክትሪክ ቆጥሮ በአምስት ሰከንድ ገደማ ቁጥር ያወጣል። ኢንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር የማጣመር ሐሳብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ከሊላንድ ክላርክና ከቻምፕ ላየንስ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ለብዙ ዓመት የቤት መለኪያ የሚባል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ስትሪፕ ደም ተቀብቶ፣ አንድ ደቂቃ ተጠብቆ፣ በውሃ ታጥቦ፣ ቀለሙ ከሠንጠረዥ ጋር የሚተያይ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ መሣሪያ ሲመጣ የሚሸጠው ለሐኪም ብቻ ነበር። ሪቻርድ በርንስታይን የሚባል ከልጅነቱ ዓይነት 1 ስኳር የነበረበት መሐንዲስ መሣሪያውን ያገኘው ሚስቱ ሐኪም ስለነበረች በሷ ስም አስገዝቶ ነው። የራሱን ቁጥር እየለካ ሕክምናውን ራሱ አስተካከለ፤ ሐኪሞቹ አልሰማ ሲሉት በ40ዎቹ ዕድሜው ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆነ። ታዲያ ዛሬም ወረቀቷን ሳነባት ያ ዘመን ትዝ ይለኛል፤ መሣሪያው ቤት ገብቷል፣ ቋንቋው ግን ገና ክሊኒክ ነው።

ስትሪፑ ውስጥ ኢንዛይም እንዳለ ያወቀ ሰው ብዙ ነገር ሳይነገረው ይገባዋል። ለምን የብልቃጡ ክዳን ወዲያው መዘጋት እንዳለበት (እርጥበት)፣ ለምን መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው መዋል እንደሌለበት፣ ለምን ጊዜው ያለፈበት እንደሚዋሽ። ጊዜው ያለፈበት ስል አንድ የኛ ብቻ የሆነ ወጥመድ አለ። ብልቃጡ ላይ 2025 ተብሎ ታትሞ እኛ በ2018 ላይ ስንሆን፣ የአክስቴ ዓይነት ሰው «ገና ሰባት ዓመት አለው» ነው የሚለው። በአውሮፓ አቆጣጠር እኮ ነው! ሰዓቱም እንደዚያው፦ መሣሪያው 7:00 ብሎ የመዘገበው ለኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ደብተር ላይ ሰዓት ብቻ አትጻፉ፤ «ከቁርስ በፊት»፣ «ከምሳ 2 ሰዓት በኋላ» ብላችሁ ጻፉ። ለዚህ ፋብሪካውን አልወቅስም፤ ይህን መጨመር የኛ ሥራ ነበር።

ከፍታ ግን የወረቀቷ ሥራ ነው። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ በተፈጥሮው ኤሌክትሮኑን የሚሰጠው ለኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ለአቀባዩ ኬሚካል የሚደርሰው ኤሌክትሮን ይበዛና ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ሊል ይችላል። ሌላ ኢንዛይም፣ ግሉኮስ ዲሃይድሮጅኔዝ የሚባለውን የሚጠቀሙ ስትሪፖች ይህ ችግር የለባቸውም። ብዙ መመሪያዎች 3,000 ሜትር አካባቢ ወሰን ያስቀምጣሉ፤ ይቺም አስቀምጣለች፣ ያው ከባትሪው ጎን። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከወሰኑ በታች ነው፤ መንዝ ወይም ሰሜን ተራሮች ላይ ያለ ዘመድ ግን ላይሆን ይችላል። ደም ማነስም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። አንዲት መስመር ስለ «ሄማቶክሪት» አለች፤ ያን ቃል የማያውቅ ሰው ግን «ደም ማነስ ያለበት» ማለት እንደሆነ በምን ይወቅ?

አሁን ወደ ትልቁ ቅሬታዬ ልምጣ። ወረቀቷ ቁጥሩ ከመጣ በኋላ ዝም ትላለች። ቁጥሩን እንደ ሎተሪ ዕጣ አሳይታችሁ ትሄዳለች።

አንደኛ፣ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚታመን አትነግረንም። የዓለም አቀፉ መስፈርት (አይኤስኦ 15197፣ የ2013ቱ) የሚለው ይህን ነው፦ ስኳሩ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከ100 ልኬት 95ቱ ከላቦራቶሪው ከ15 በመቶ በላይ አይራቁ፤ ከ100 በታች ሲሆን ደግሞ ከ15 ሚሊግራም በላይ አይራቁ። ስለዚህ እውነተኛው 180 ከሆነ ጎበዝ የተባለ መለኪያ 155ም 205ም ሊል ይችላል፣ ሁለቱም ፈተናውን አልፈዋል። አክስቴ ሁለት ጣት ወግታ 168 እና 189 ስታይ «ይቺ ማሽን ውሸታም ናት» ትላለች። ውሸታም አይደለችም፤ ቁጥሩ እንደ ነጥብ ሳይሆን እንደ ክልል መታየት ነበረበት። ይህን ለ16 ዓመት ልጅ ማስረዳት በጣም ይቻላል፤ ፊዚክስ ላይ ስለ ልኬት ስህተት ትማሩ የለ? ወረቀቷ ግን ሠንጠረዥ ሰጥታ አለፈች።

ሁለተኛ፣ «እና ምን ላድርግ?» ለሚለው መልስ የላትም፤ «ሐኪምዎን ያማክሩ» ብቻ። ለከባዱ ነገር ይህ ልክ ነው። የመድኃኒት መጠን ወረቀት አይቀይርም፣ እናንተም አትቀይሩም። ነገር ግን መለካት በራሱ መድኃኒት አይደለም። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው መለካት የሕይወት ጉዳይ ነው፤ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 1,441 የዓይነት 1 ሕመምተኞችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ትልቅ ጥናት፣ በቀን ደጋግሞ እየለኩ ኢንሱሊንን ማስተካከል የዓይንን ጉዳት እጅግ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኢንሱሊን ለማይወስዱት ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ 450 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 በታተመ ጥናት፣ በየቀኑ የለኩትና ያልለኩት ከአንድ ዓመት በኋላ በአማካይ የስኳር መጠናቸው ላይ የሚታይ ልዩነት አልነበራቸውም። ይህ «አትለኩ» ማለት አይደለም። ቁጥሩን አይቶ ምንም የማይቀይር ሰው ጣቱን በከንቱ ይወጋል ማለት ነው።

እንደ አክስቴ ላለ ሰው፣ ስትሪፕ ውድ በሆነበት፣ የኔ ምርጫ ጥንድ ልኬት ነው፦ ዳቦና ሻይ ከመብላቷ በፊት አንድ፣ ከጀመረች ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ። በሌላ ቀን እንዲሁ በእንጀራ። በየጠዋቱ አንድ ቁጥር ከመልቀም ይልቅ ልዩነቱ ስለ ምግቡ ይናገራል። ስንቴና መቼ የሚለውን ግን አስቀድማ ከጤና ጣቢያዋ ነርስ ጋር መነጋገር አለባት።

ወረቀቷ ብትናገር ኖሮ ሰው የምታድንበት አንድ ቦታ ዝቅታ ነው። ከ70 በታች (በሚሊሞል 3.9) ዝቅተኛ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት። ሰውዬው መዋጥ ከቻለ 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሠራ ስኳር፣ ማለት ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፤ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። መስኮቱ ላይ «ሃይ» የሚል ቃል ቢመጣ ደግሞ ሰላምታ አይደለም (የአክስቴ የልጅ ልጅ በቀልድ የጠየቀኝ ነው)፤ ስኳሩ መሣሪያው ከሚቆጥረው በላይ ሆኗል ማለት ነው፣ ያም የሐኪም ጉዳይ ነው።

በዚያው ሳምንት ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን የራሳችንን ወረቀት ጻፍን። ግማሽ ገጽ፣ በአማርኛ፣ አክስቴ ያለ መነጽር በምታነበው ፊደል። አናቱ ላይ «ነጥብ ካለው በ18 አባዢ»፣ ሥሩ «በውሃ ታጠቢ፣ አልኮል ስኳር አያወልቅም»። የብልቃጡን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ በእስክርቢቶ የጻፈው ልጁ ነው። እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ትናንት ደውላልኝ «7.1፤ አባዝቼዋለሁ፣ 128 ገደማ ነው» አለችኝ፣ ኮራ ብላ። ከዚያ «ስትሪፑ ግን ስድስት ብቻ ነው የቀረኝ» አለች። ለዚያ መለኪያ የሚሆነውን ስትሪፕ ሦስት ፋርማሲ ጠየቅሁ፣ አልተገኘም። «ከዚህ ሞዴል ስትሪፕ ውጪ አይሠራም» የምትለዋን መስመር ወረቀቷ ላይ ፈልጌ አገኘኋት፤ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ናት። ሳጥኑ ፊት ላይ ብትሆን ኖሮ፣ ልጇ ስዊድን ፋርማሲ ውስጥ ቆማ ታነባት ነበር።